የብርኽቲ ድርሻ

ራሕዋ ውሸት አይሆንላትም። ለእናቷ ለወይዘሮ ዘውዲ ግን አንዴ ዋሸች፤ እሱንም አሳምራ። ሐኪሙ «የደም ካንሰር ነው። ግን በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለው፤ ሳያቋርጡ ከወሰዱት ዕድሜ ይሰጣል» ሲላት እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

«ዶክተር፣ በእመቤቴ፣ ያንን ቃል እንዳይነግሯት! በድንጋጤ ትሞትብኛለች።»

ከዚያ ኮሪደር ላይ ወደተቀመጡት እናቷ ወጣችና «ደም አንሶሽ ነው፤ ይኸው ደም የሚሞላ ክኒን» አለቻቸው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚደርሰው ከሁሉ መጨረሻ ነው፤ ይህንንም ፍቅር እንለዋለን።

ክኒኑ ሠራ። የወይዘሮ ዘውዲ ፊት ወዛ፤ ካዛንቺስን ዳር እስከ ዳር በእግራቸው ማካለል ጀመሩ። ራሕዋ ባምቢስ ካለው ቢሮዋ ምሳ ሰዓት ላይ ትደውላለች።

«ክኒኑስ?»

«ተውጧል።»

ዘንድሮ ድካሙ ተመለሰ። ላባቸው አንሶላ ያረጥብ ጀመር፤ ግራ ጎናቸው አብጦ ቀሚሳቸው አልዘጋ አለ። ሐኪሙ የደም ውጤቱን ደጋግሞ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«እማማ፣ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?»

«እንዴታ! አንዱን ቀን የኔ፣ አንዱን ቀን የብርኽቲ።»

ብርኽቲ የድሮ ጎረቤታቸው ናት፤ የካዛንቺሱ ግቢዋ ሲፈርስ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባች።

«እሷም ደም አንሷት ያዞራታል» አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ። «ለዑራኤል በመጣች ቁጥር ቋጥሬ እሰጣታለሁ። እኔማ ድኛለሁ! ሰው ለሰው መድኃኒቱ አይደል?»

ለካ «ተውጧል» ያሏት ለዚህ ኖሯል። ማን ዋጠው ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ሐኪሙ ራሕዋን ለብቻዋ አስቀርቶ በሽታው ክኒኑን እንደለመደው፣ ወደ ክፉው ደረጃ እንደተሻገረ፣ ከእንግዲህ የሚያቆመው እንደሌለ ነገራት። በየቀኑ ቢወስዱት ኖሮ፣ አለና ካርዱን ዘጋው። ራሕዋ ወጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻለችም።

«እማ፣ ዋሽቼሻለሁ። ደም ማነስ አይደለም። ካንሰር ነው። ክኒኑም የካንሰር ነው።»

ወይዘሮ ዘውዲ ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ። ራሕዋ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አልጠየቁም።

«ብርኽቲን ገደልኳት በይኛ! ደውይላት! አሁኑኑ ደውይ!»

ራሕዋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ያዘችላቸው።

«ብርኽቲ፣ ያ የምሰጥሽ ክኒን… ምን አደረገሽ? ንገሪኝ!»

ብርኽቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዘውዲዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። የመጀመሪያዋን ውጬ ሲያስመልሰኝ ዋለ። በቃ፣ እምቢ ብል ታዝኛለሽ ብዬ ነው እየተቀበልኩ የምሄደው። ሌላውን ሽንት ቤት ነው የምደፋው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ይቅር በይኝ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት! ተመስገን!»

ወይዘሮ ዘውዲ ስልኩን ሳሙት። እልልታቸው ኮሪደሩን ሞላው፤ ተራ የሚጠብቁት ሕመምተኞች የምሥራች የሰሙ መስሏቸው «እንኳን ደስ ያለዎት» አሏቸው። ራሕዋ ያ ሁሉ የእናቷ ዕድሜ በቧንቧ ሲወርድ ታያት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«አንቺ ደግሞ!» አሏት እናቷ እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ተርፋለች እኮ፤ ምን ያስለቅስሻል?»