አልነሳም ያለው ኮምፒውተር

ምንዳዬ ኮምፒውተር ራሴ እገጣጥማለሁ ብሎ ሲነሳ፣ ቂርቆስ ባለው ግቢያቸው ውስጥ ወሬውን ያልሰማ ሰው አልነበረም። የሚስቱ የቢሊሴ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎባታል። ቢሊሴ ደግሞ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምትነድፈው በኮምፒውተር ነው። ነድፋ ስትጨርስ ኡራኤል አካባቢ ላለ ጥልፍ ቤት ትልካለች፣ እነሱ በማሽን ይጠልፉታል። ስለዚህ ያለ ኮምፒውተር እጇ ታስሮ ነበር የተቀመጠችው። በዚያ ላይ ሰብሊ የምትባል ሙሽራ የሠርግ ቀሚሷ ነገር አላስተኛ ብሏት በየቀኑ ትደውላለች።

ጥገና ቤት ያሉት ሰዎች አሮጌው አብቅቶለታል፣ ምናልባት ሥራዋ የተቀመጠበት ዲስክ ተርፎ ይሆናል አሉ። ምንዳዬም ዲስኩን አትርፎ ሌላውን በሙሉ በአዲስ ዕቃ ሊገጥም ቆረጠ። እሱ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለም። ግን ማታ ማታ ቪዲዮ እያየ ሲያጠና ከርሟል፤ ይሄን ያህል የሚያስፈራ ነገር አላገኘበትም።

ቢሊሴ ወንድሟን ለታን ጥራው ብላው ነበር። የለታ እንጀራው ይኸው የኮምፒውተር ሥራ ነው። ምንዳዬ ግን አሻፈረኝ አለ። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ አዲሱ ቴሌቪዥን አልሠራ ሲለው ለታን ከወሎ ሰፈር ድረስ አስመጥቶት፣ ለታ መጥቶ ያገኘው ሶኬቱ አለመሰካቱን ነበር። እሱስ ባልከፋ። ለታ በማግስቱ የበዓል ምሳ ላይ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የምንዳዬን ድምፅና አካሄድ ሳይቀር እያስመሰለ ነገሩን ተረከው። የምንዳዬ አማት እንኳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ምንዳዬ ለታን ሰላም ይለዋል እንጂ አያወራውም።

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አንጥፎ ሥራ ጀመረ። ከአሮጌው ኮምፒውተር ዲስኩን ፈታና አወጣ። ባዶ ቀርቷል ያለው ኬዝ፣ የኮምፒውተሩ የብረት ቀፎ፣ መንገድ ዘጋበት፤ ልክ ያን ጊዜ ቆራሌው በበር ሲያልፍ ሰማና ጠርቶ፣ በነፃ ውሰድልኝ አለው። ቆራሌውም መርቆት ኬዙን ከማዳበሪያው ጋር ተሸክሞ ሄደ።

ገጠማው ከጠበቀው በላይ ቀና። ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ቦታው ላይ ቁጭ አለ፣ ብሎኖቹ ጠበቁ፣ ኬብሎቹ ገቡ። ምንዳዬ ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ቢሊሴን ጠራትና ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፣ ሰማያዊ መብራት በራ። ቢሊሴ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆነና ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። መነሻ ዲስክ አልተገኘም፣ ዲስክ አስገብተህ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን ይላል።

ምንዳዬ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫነ። ኧረ ሁሉንም ተጫነ። ጽሑፉ ንቅንቅ አላለም።

ኬዙን ከፈተ፣ የዲስኩን ኬብል ነቅሎ መልሶ ሰካ። ያው ነው። ቪዲዮው ላይ እንዳየው ወደ ማስተካከያው ገጽ ሲገባ የዲስኩ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ያየዋል ማለት ነው፤ ግን አይነሳበትም። የቱ ይቅደም የሚለው ቦታ ላይ ሲነሳ ዘፈን ልክፈትበት ብሎ ከኋላ ሰክቶ የረሳው ፍላሽ አንደኛ ሆኖ ተቀምጧል። ምንዳዬ አገኘሁት ብሎ ፍላሹን ነቀለ፣ ዲስኩን አንደኛ አደረገ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራና ያንኑ ጽሑፍ አመጣ።

አሁን ላብ ላብ አለው። አንድ ነገር ቀርቶታል፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን። ያዘጋጀውን ፍላሽ ሰክቶ ጀመረ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ስክሪኑ ጠየቀው፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል? የምንዳዬ ጣት ቁልፉ ላይ አረፈች።

“ምንዳዬ፣ እጅህን አንሳ” አለችው ቢሊሴ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። “የስንት ዓመት ሥራዬ ነው ያለበት። ለታን አንተ ትጠራዋለህ ወይስ እኔ ልጥራው?”

በረንዳ ወጥቶ ራሱ ደወለ። ሶኬቱን አይተሃል ወይ እንደሚለው እርግጠኛ ነበር። ለታ ግን እስከ መጨረሻው ሰማውና መጣሁ ብቻ ብሎ ዘጋ።

እንደመጣም ብዙ አላወራም። በራሱ ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሳና ዲስኩን ከፈተው። የቢሊሴ የድሮ ንድፎች በየዓመታቸው ተደርድረው ታዩ። ቢሊሴ ያን ጊዜ እፎይ አለች። ለታ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

“ጋሼ፣ ይሄ ዲስክ መጋዘን ነው” አለ። “ዕቃ አለበት እንጂ ዊንዶውስ የለበትም። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ሌላ ትንሽዬ ዲስክ መኖር ነበረበት። መዳፍ የምታህል፣ ስስ።”

ምንዳዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም አለ። ለታ፣ ብዙ ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ስለምትታሰር ያላወቀ አያያትም አለና ወደ እህቱ ዞረ። የሙሽራዋ ንድፍ ከእነዚህ ውስጥ የለም፣ የት ነው ያስቀመጥሽው ሲላት፣ እዚያው ስክሪኑ ፊት፣ ዴስክቶፕ ላይ አለችው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ደግሞ ያለው ትንሿ ዲስክ ውስጥ ነው።

“አሮጌው ኬዝ የታለ?” አለ ለታ።

“ቆራሌው ወስዶታል” አለ ምንዳዬ።

ቢሊሴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ሁለቱ ወንዶች ተያይዘው ወጡ። ቅያሱ ጫፍ ላይ ሱቅ ያላት ፋኢዛ ቆራሌው ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወርድ አይቼዋለሁ አለቻቸው። እዚያ ሲደርሱ አንዱ ወደ ላይ ሄዷል አለ፣ ሌላው ወደ ታች። ሲወጡ ሲወርዱ ቆይተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለች ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ቆራሌው ሽሮውን እየበላ አገኙት። የተቀመጠው ኬዙ ላይ ነበር።

ስሙ ጉተማ ይባላል፤ የዋዛ ሰው አልነበረም። የሰጠኸኝን ልትቀበለኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ምንዳዬ ብረቱ ያንተው ነው፣ እኔ የምፈልገው ውስጡ ያለች ትንሽ ነገር ናት አለው። ጉተማ የሁለቱን ላብ አየና የምግቡን ሳህን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

“እሺ” አለ። “ግን ይሄን ማዳበሪያ ታክሲ መያዣው ድረስ ታደርሱልኛላችሁ። ወገቤን አሞኛል።”

ምንዳዬ ኪሱ የቀረውን ካቻቢቴ አውጥቶ እዚያው ኬዙን ፈታ። ለታ እንዳለው ትንሿ ዲስክ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ብረቱ ላይ ተለጥፋ ተገኘች። ምንዳዬ በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተታት። ከዚያ ሁለቱ ማዳበሪያውን በሁለት ጫፍ ይዘው ዳገቱን ተያያዙት፤ ጉተማ ኬዙን አንጠልጥሎ ከኋላ ይከተላል። የምንዳዬ የቢሮ ኃላፊ ወይዘሮ ጀማነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ተገጣጠሙ። ሰላም አሉት፣ ማዳበሪያውን አዩት፣ ምንም ሳይጠይቁ አለፉ።

“ጋሼ” አለ ለታ ዳገቱ መሃል ላይ፣ እያለከለከ። “የዚያን ቀን የቴሌቪዥኑን ነገር... ማለቴ፣ ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ማቆም አቃተኝ። ጥሩ አላደረግኩም።”

ምንዳዬ ማዳበሪያውን አመቻችቶ ያዘና፣ አካሄዴን ግን አልቻልክበትም፣ እኔ እንደዚያ አላነክስም አለው። ለታ ሳቁ ሲያመልጠው ማዳበሪያው ሊወድቅባቸው ነበር።

ቤት ተመልሰው ትንሿን ዲስክ ገጠሟት። ኮምፒውተሩ አሁንም መነሻ ዲስክ አልተገኘም አለ። ለታ እጁን ሊሰድ ሲል ምንዳዬ ቀደመው፤ ጠዋት ትልቁን ዲስክ አንደኛ ያደረገው እሱ ራሱ ነው። ማስተካከያው ገጽ ገብቶ ትንሿን አስቀደማት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጫጭ ነጥቦች መዞር ጀመሩ፣ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ከዚያ የቢሊሴ ዴስክቶፕ እንደነበረ ሆኖ መጣ። የሰብሊ ቀሚስ ንድፍ ከነአንገቱ፣ ከነሐረጉ፣ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል።

ቢሊሴ መጀመሪያ ንድፉን ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። ቀጥላ ለሰብሊ ደወለች። ከዚያ ምንዳዬን ጉንጩን ስማ፣ ሁለታችሁም ከዚህ ክፍል ውጡልኝ፣ ሥራ አለብኝ አለቻቸው።

ወጥተው ፋኢዛ ሱቅ በር ላይ ቀዝቃዛ አምቦ ውኃ ያዙ። ፋኢዛ ተገኘ ወይ አለቻቸው። ተገኘ አሉ። እሷም፣ ለልጆቼ ትምህርት አንድ ኮምፒውተር ፈልጌ ነበር፣ መቼ ትሠሩልኛላችሁ አለች።

ምንዳዬ “ነገ” ሲል፣ ለታ በዚያው ቅጽበት “የዛሬ ወር” አለ።