የኡሙሀኒ የሐሙስ ኢሜይል

መምህር በለጠ ስልኩን እንደ ክስ ማስረጃ ከፊቱ ዘርግቶ ልብስ እጥበት ቤቷ ሲገባ፣ ኡሙሀኒ ውኃ የጠጣ ብርድ ልብስ ከማሽኑ ውስጥ እየታገለች ታወጣ ነበር።

«ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ሁልጊዜ «እትዬ ኡሙሀኒ፣ እንዴት አደርሽ» የሚላት ልጅ ድንገት «እርስዎ» ሲላት ነገር እንደመጣ ገባት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችው። ጠዋት ለደንበኞቿ ሁሉ የላከችው የራሷ ደብዳቤ ነው።

«አዎ፣ የኔ ነው። ምን አጠፋሁ?»

«የኔ ስም ያለበትን ያንብቡት።»

አነበበች። «መምህር በለጠ፣ ለሥራ ፈተናው ያሳጠብከው ሱፍ ቀናህ ወይ? አላህ ካሰብክበት ያድርስህ። አዲስ አበባ ብትገባም አትርሳን።»

«እና? ዱዓ አደረግሁልህ እኮ!»

«ዱዓውን ዶክተር እስክንድርም አንብበውታል! የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ሌላ ሥራ እየፈለግሁ መሆኑን አልነገርኳቸውም ነበር። እዚያ ማለፌን ሳላውቅ እዚህ ያለችኝን እንጀራ አሳጡኝ።»

ኡሙሀኒ ቁጭ አለች። የተቀመጠችው እርጥቡ ብርድ ልብስ ላይ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው።

«ወላሂ በለጠ፣ እኔ እኮ...»

«ስሜን ያውጡልኝ። ከእንግዲህ ምንም እንዳይጽፉልኝ» ብሎ ወጣ።

ኡሙሀኒ የወሎ ሰው ናት፤ የሐይቅ ልጅ። ዓይደር ከሆስፒታሉ በታች ልብስ እጥበት ከከፈተች ቆይታለች። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ አልፎ በሯን መልሳ ስትከፍት ግን ሰው አልነበራትም። ከደንበኞቿ ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ ስልኩን ቀይሯል። ያኔ ናፍቆት የምትባል፣ ማርኬቲንግ የምታስተምር የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጋቢዋን ልትወስድ መጥታ አንድ ነገር ነገረቻት። «እትዬ፣ ያንቺ ደንበኛ ሐኪምና መምህር ነው። ቴሌግራሙ በማስታወቂያ ተጥለቅልቋል፤ ኢሜይሉን ግን ቢሮ እንደገባ ይከፍታል። በሳምንት አንድ ቀን ጻፊለት። ፈቅዶ አድራሻውን ለሚሰጥሽ ብቻ።»

እኛ ጎረቤቶቿ ሳቅንባት። አጣቢዋ ጋዜጣ ጀመረች ተባለ። አጠገቧ ልብስ የምትሰፋው አስካለማርያምማ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ስፖርቱንም ጨምሪበት እንጂ» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣቻት።

ኡሙሀኒ ግን ጻፈች። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጻፈች። «ደም የነካው ጋዋን ሙቅ ውኃ እንዳያገኘው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ከጨው ጋር ዘፍዝፉት» ብላ ጻፈች። ሰው በገዛ እጁ ካጠበ እሷን ምን ያደርጋታል ብለን ስንሳለቅ፣ ጋዋኑ በጆንያ መምጣት ጀመረ። ይህን በነጻ የምትነግር ሴት ልብሴን አታበላሽም ብሎ ነው መሰለኝ ሰው። የውኃ ተራው ሲዘልላት ደግሞ ሰበብ አልደረደረችም። «ማክሰኞ ውኃ አልመጣም፣ ቦቴም አላገኘሁም። ቅዳሜ ያልኳችሁ ብርድ ልብስ ሰኞ ነው የሚደርሰው፤ ጥፋተኛ ነኝ» አለች። ጉድለቱን በራሱ እጅ ጽፎ ለገበያ የሚበትን ነጋዴ አይተን አናውቅም ነበር።

የዛሬው ጣጣ የመጣው ከዚያችው ከናፍቆት ምክር ነው። ባለፈው ሳምንት «ሰው ስሙ ሲጠራ ደስ ይለዋል፤ በስማቸው ጥሪያቸው» ብላት ነበር። ናፍቆት ማለቷ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በሚሄደው ደብዳቤ አናት ላይ ኮምፒውተሩ የዚያን ሰው ስም ይጻፍ ነው። ኡሙሀኒ ግን እንዳደገችበት አደረገችው። ደንበኞቿን በሙሉ አንድ ደብዳቤ ላይ ሰብስባ፣ የታመመውን እንዴት ሆንክ፣ የወለደችውን እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ መንገድ የሄደውን በሰላም ግባ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አንዱን ጠይቆ ሌላውን ማለፍ ነውር ነውና ማንንም አላስቀረችም። ደብዳቤው እንደ ሠርግ ጥሪ ረዘመ።

በለጠ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የደረሰችው አስካለማርያም ናት፤ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ዋይ ሓፍተይ! እኔ ጋዜጣ መስሎኝ፣ ለካ የሰውን ኪስ ነው የምትፈትሺው!»

«አስካለ፣ ዛሬ አትቀልጂብኝ። የሰው ልጅ እንጀራ ነው።»

አስካለማርያም ፊቷን አይታ ቀልዱን ተወችው። ናፍቆትን የጠራቻትም እሷ ናት።

ናፍቆት ስልኩን ከፍታ አየች፣ አየችና አፏን ያዘች።

«እትዬ፣ ይሄን ያህል ሰው መልሶልሽ ያውቃል?»

«ሁለት ሰው ከመለሰ ብዙ ነው።»

«ዛሬ ግማሹ መልሷል! ሲስተር ሠርክአዲስ እናቴን ስለጠየቅሽልኝ አለቀስኩ ብላለች። እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይሄን ነው። ከጻፍሻቸው ሁሉ እንዲህ የተነበበልሽ የለም።»

«በለጠስ?»

ናፍቆት ወደ በለጠ ስም ወርዳ አነበበችው።

«ደብዳቤውን መልሺልኝ፣ ሰብስቢልኝ ናፍቆት።»

«አይቻልም። የተላከ ተልኳል። አንድ መላ ግን አለ። ኢሜይሌ ተጠልፎ ነው፣ እኔ አልጻፍኩትም በይ።»

«የጠለፈኝ ሰው የበለጠን ሱፍ በምን አወቀ?»

አስካለማርያም ሳታስበው ፈነዳች። ኡሙሀኒ አልሳቀችም። ሽርጧን ፈታች፣ ሻሿን አሰረች።

«ወዴት?»

«ወደ ዶክተሩ። በጽሑፍ ያጠፋሁትን በአፌ ላስተካክል።»

ዳገቱን በባጃጅ ወጣች። ዶክተር እስክንድርን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለው ቢሯቸው የፈተና ወረቀት ሲያርሙ አገኘቻቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

«ወይዘሮ ኡሙሀኒ! ዛሬ ስለ ጉልበቴ ጠይቀሽኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ እየተሻለኝ ነው።»

«ዶክተር፣ በሌላ ነው የመጣሁት። በለጠ አልላከኝም፤ መምጣቴንም አያውቅም። የሱን ጉዳይ አደባባይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጁ እንጀራ ፈለገ እንጂ እርስዎን አልበደለም። የሚቀየሙ ከሆነ እኔን ይቀየሙ።»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«አልዋሽሽም፣ ሳነበው ተናድጄ ነበር። ቀድሜ መስማት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን እኔም በጊዜዬ ሱፍ አሳጥቤ ተፈትኛለሁ። እስኪሄድ ድረስ ሥራው የሱ ነው። ጠርቼ እነግረዋለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ልትወጣ ስትል «ቆይ እስቲ» አሏት። በሩን ገርመም አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ለሚቀጥለው ሴሚስተር መምህር ማዘጋጀት አለብኝ። አንድ በአንድ ሹልክ ካሉብኝ ተማሪው ሜዳ ላይ ይቀራል። እንዲያው... ከኛ ልጆች ሌላስ ሱፍ ያሳጠበ አለ?»

ኡሙሀኒ የበሩን እጀታ ለቀቀች። ጥያቄው የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ ለተማሪ የሚጨነቅ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱንም ታውቀዋለች። ማሽኑ አጠገብ የተሰቀሉት ሱፎች የማን እንደሆኑ፣ ለመቼ እንደሚፈለጉም ታውቃለች። የክፍሉ ላቦራቶሪ ጋዋን በሙሉ ወደ እሷ የሚመጣው ደግሞ በኚሁ ሰው ፊርማ ነው።

«ዶክተር፣ እኔ የማውቀው የእድፉን ዓይነት ነው። የባለቤቱን መንገድ አላውቅም።»

«ጠዋትስ አውቀሽው አልነበር?»

«ጠዋትማ አጠፋሁ። አሁን ደግሜ ላጥፋ?» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ነገስ አንዱ መጥቶ፣ ዶክተር እስክንድር ምን አሳጠቡ ቢለኝ?»

ዶክተሩ መሳቅ ጀመሩና መሃል ላይ አቆሙት። ምን ትዝ እንዳላቸው እሳቸውና ኡሙሀኒ ብቻ ያውቃሉ።

«በቃ» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «እኔም አልጠየቅሁሽ፣ አንቺም አልሰማሽኝ።»

ስትመለስ ናፍቆትና አስካለማርያም ሱቁን እየጠበቁ ነበር። አረፍ እንኳ ሳትል ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ጣቷ ቀርፋፋ ነው፣ ፊደል ትስታለች፣ ትመለሳለች። ሲያልቅ ለሁለቱም አነበበችላቸው።

«ደንበኞቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። ጠዋት በላክሁት ደብዳቤ የሰውን ጉዳይ ለማይመለከተው ተናግሬያለሁ። ልብሳችሁን ስትሰጡኝ ገመናችሁንም አምናችሁ ነው፤ እኔ እምነታችሁን አጉድያለሁ። ይቅር በሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ስለ ልብስ እንጂ ስለ ባለልብሱ አይወራም። ደኅንነታችሁን ሱቅ ስትመጡ እጠይቃችኋለሁ። ከእንግዲህ አትጻፊልኝ የሚል ካለ አንድ ቃል ይላክልኝ። ወዲያው አወጣዋለሁ፣ አልቀየምም።»

አስካለማርያም ከንፈሯን መጠጠች፤ የምታሾፍበት አላገኘችም። ናፍቆት ደግሞ ራሷን እየነቀነቀች ነበር።

«አንድም ቃል አልነካውም። ላኪው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ በለጠን ላውጣው።»

«አይ እትዬ! እሱ እኮ ነው ከሁሉም በላይ ማንበብ ያለበት። ይሄ ይድረሰውና ከዚያ ታወጪዋለሽ።»

ኡሙሀኒ የስሙን ቦታ ፈልጋ አገኘችው። እሷም ብትሆን እንዲያነበው ትፈልጋለች። ዶክተሩ ዘንድ መሄዷን ባትጽፍበትም፣ ይቅርታዋን አይቶ ልቡ ቢመለስላት ትወዳለች። ጣቷ ስሙ ላይ ቆየ።

«አትጻፊልኝ ነው ያለኝ» አለች።

«ይቅርታ እኮ ነው!»

«ይቅርታም ቢሆን ደብዳቤ ነው። መንገድ ላይ ካገኘሁት፣ ከፈቀደልኝ፣ በአፌ እነግረዋለሁ።»

ስሙን ሰረዘችው። የላከችው ከዚያ በኋላ ነው።