የወጌሻዋ ብረት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ብረት እንዳታስገቡ» ስል ኖሬያለሁ። ትከሻው የወለቀ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ከደረጃ ላይ የተንከባለለ ሁሉ በሬን አንኳኩቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነበር። ሰፈሩ ወጌሻዋ ነው የሚለኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው ሰው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ዛሬ ግን በቀኝ እጄ አንጓ ውስጥ ከግማሽ ስንዝር የሚበልጥ ብረት በስምንት ብሎን ታስሮ ተቀምጧል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ፈርቼም ጠልቼም ስለነበር ማምለጫ አልነበረኝም።

አንጓዬ ስድስት ዓመት ነው ያሰቃየኝ። የሰው አጥንት ስስብና ስገፋ የራሴ መጋጠሚያ ተበልቶ አለቀ። የመጣውን ሰው እጅ አሻለሁ፤ ሰው ሲሄድልኝ በሩን ዘግቼ የራሴን በዘይት አሻለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። መጨረሻ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጄ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ምላሷ ከምድጃው ይብሳል። ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ ለሦስተኛ ጊዜ ያየች ዕለት፣ ወይ ሐኪም ቤት እንድሄድ፣ ወይ ደግሞ ሰፈሩን ሰብስባ «ወጌሻችሁ ሻይ መጠጣት አቅቷታል» እንደምትል ነገረችኝ። እንደምታደርገው ስለማውቅ ሄድኩ።

ሐኪሙ እኔ ከኋላው «መጋዙ» የሚል ስም ያወጣሁለት ሰውዬ ነው። ትሑት ሰው ሆኖ አረፈው፤ ትሕትናውም አናደደኝ። ራጄን ብርሃን ላይ ዘርግቶ መጋጠሚያው እንደማይጠገን፣ ያለው መፍትሔ አጥንቶቹን አጣብቆ በብረት ማሰር እንደሆነ፣ ሕመሙ ሲሄድ መታጠፉም አብሮ እንደሚሄድ አስረዳኝ። አንዴ ከተያያዘ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። ስለዚህ እጄን በምን አኳኋን እንደሚያቆመው ለመወሰን ሥራዬን ጠየቀኝ። ወጌሻ ነኝ ልበለው? ስንቱን ሰው ከደጁ መልሼበታለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ምግብ አብሳይ ነኝ አልኩት። ልጄ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። እሱም አምኖ፣ ከዳሌዬ አጥንት ቆርሶ አንጓዬ ላይ ለጥፎ፣ የድስት እጀታ ለመጨበጥ እንዲመቸኝ እጄን ትንሽ ቀና አድርጎ አቆመልኝ። ድስት ይጨብጣል። ሰው ገላ ላይ ግን እንደ ድሮው ለጥ ብሎ አያርፍም፤ ለሙያዬ ደንታ የለውም።

ለጎረቤት እህቷ ዘንድ ሄዳለች ተባለ። ይህ እንኳን ውሸት አልነበረም፤ ጀሶው እስኪፈታ እህቴ ቤት ነበርኩ። ስመለስ እጅጌው ረጅም ሹራብ ለበስኩና እጇ ላይ ብርድ ገብቶባት ነው ተባለ።

ከዚያ በኋላ መኖርን እንደ ሕፃን ሀ ብዬ ጀመርኩት። ከወንበር ስነሳ መዳፌን አስደግፌ መግፋት ስለማልችል በጡጫ መግፋት ተማርኩ። ፊቴን ስታጠብ ሁለት መዳፌ አብሮ ውሃ አልይዝ አለኝ፤ በረጠበ ፎጣ መጥረግ ያዝኩ። ፎጣውን ደግሞ ለመጭመቅ ቧንቧው ላይ ጠምጥሜ በግራ እጄ አዞረዋለሁ። አንድ ቀን እጄን የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ጎበጥ ማድረግ ስላልቻልኩ ተቀርቅሬ ቀረሁ። ልጄ እያወጣችኝ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን የእኔ ሳቅ ወደ ልቅሶ ዞረብኝና ደነገጠች። የመጸዳጃ ቤቱን ጉዳይ አልዘረዝረውም። ግራ እጄ በስልሳ ዓመቷ ትምህርት ቤት ገባች ብል ይበቃል። ሕመሙ ግን የለም። ስድስት ዓመት አብሮኝ የበላ፣ አብሮኝ የተኛ ሕመም ጥሎኝ ሄደ፤ በጠላሁት ሰውና በጠላሁት ብረት መዳኔን ሳስበው ያንገበግበኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግድግዳ ለሳኙን ነበር። ለሳኝ የምንለው ስሙ ስለቀረ እንጂ መለሰኛ ከጨበጠ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫው ወድቆ አንጓው ሲሰበር፣ ሆስፒታሉ ቀዶ ጥገና ተደርጎ በብረት መታሰር አለበት ብሎት ነበር። እሱ ግን ራጁን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ራጁን አልተቀበልኩትም። «ብረት የገባበት እጅ ብረት ሆኖ ይቀራል» አልኩትና በሸምበቆ አሰርኩት። እጁ ጠማማ ሆኖ ቀረ። ጊዜ ይፈልጋል፣ በማሸት ይከፈታል አልኩት። ግድግዳ እንደ መስታወት አድርጎ ይለስን የነበረው ሰው አሁን የመጋዘን በር ይጠብቃል። ሆኖም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀርቶ አያውቅም፤ መጥቶ ይታሻል፣ አመስግኖ ይሄዳል። «እትዬ ባይኖሩ ይቆርጡት ነበር» እያለ ላገኘው ሁሉ ስለሚያወራ፣ እኔ ዘንድ ከሚመጣው ሰው ግማሹን የሚልከው የእሱ አፍ ነው።

ጀሶዬ የተፈታ ዕለት ሐኪሙን በጎን ጠይቄው ነበር። አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ እጁ ተሰብሮ ጠማማ ገጥሟል፣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ እንዲህ ያለው ይቃናል ወይ አልኩት። እንደ ዕድሉ እንደሆነ ነገረኝ። አጥንቱን እንደገና ቆርጦ ማቃናት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ጠማማ መጋጠሚያ በየቀኑ ይበላል፣ ዛሬ ነገ ከተባለ እንደ እርስዎ ማጣበቅ ብቻ ይቀረዋል አለ። ለሰውዬው ይንገሩት፣ አይቆይ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

መንገር ቀላል ይመስላል። ግን እንዴት አወቅሽ ሲለኝ እጄን ላሳየው ነው፤ እጄን ካሳየሁ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበት ስም በአንድ ቀን አለቀለት። ዝም ካልኩ እጁ ይበላል። የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣና አሞኛል አልኩት፤ ምሕረቱን ይላክልዎ ብሎኝ ሄደ። በሁለተኛው ተኝታለች እንድትለው ልጄን ላክሁ፤ መጋረጃው ኋላ ቆሜ፣ እትዬን እንዳትቀሰቅሻቸው ሲል ሰማሁት። ልጄ ተመልሳ አፈጠጠችብኝ። «እማዬ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነኮ። አንቺ ለስምሽ፣ ሰውዬው በእጁ?» አለችኝ። ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጄ ሥራ ላይ ሳለች፣ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ይዞ መጣ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ፊቴ ያለውን ዱካ ስቦ ተቀመጠና ሦስት ዓመት ሲታሽ ሙያውን እንደቀሰመ፣ ዛሬ የማሸት ተራው የእሱ እንደሆነ ነገረኝ። አሳዘነኝ፣ አሳፈረኝ፤ በምን ጥፋቱ እንደሆነ እንጃ እንጂ ተናደድኩበትም። አትንካኝ ብለው ይበቃው ነበር፤ የዋህ ሰው ነው። አፌ ግን ሌላ ውሸት ፈልጎ አጣ። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ሰጠሁት።

ዘይቱን መዳፉ ላይ አሙቆ ከክርኔ ጀመረ፤ ልክ እኔ እንደማደርገው በአውራ ጣቱ ወደ ታች እየጫነ መጣ። ጠማማው እጁ እንኳን አሠራሬን አልሳተም። ጠባሳው ጋ ሲደርስ አየው፤ አላቆመም። ከቆዳዬ ሥር ብረቱን ሲያገኘው ነው ጣቱ የቆመው። ከዳር እስከ ዳር ተከተለው፤ አንዱን ብሎን ሁለቴ ዳሰሰው።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብረት ነው።»

«ማን አስገባው?»

«ሆስፒታል። በእግሬ ሄጄ።»

ያምዎታል ወይ አለኝ። አያመኝም አልኩት። ከዚያ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ያነቀኝ ነገር በሁለት ትንፋሽ አለቀ። እጄን እንደያዘ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞረና የምፈራውን ጠየቀኝ።

«የእኔ እንደተበላሸ መቼ ነው ያወቁት?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ለመዋሸት ከእኔ የሚበልጥ የለም። እጄን ግን ይዞታል።

«ሸምበቆውን የፈታሁ ቀን» አልኩት።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ምን ሲያሹ ነበር?»

«አንተ ስትመጣ ሰው ያያል፤ እሷ ዘንድ ይታያል ይላል። ከቀረህ ለምን ቀረ ይላል። ለዚያ ነው።»

ይህንን ለራሴም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እጄን ቀስ አድርጎ ጉልበቴ ላይ መለሰው። ጣቶቹን በመሐረቡ ጠረገ፣ የዘይቱን ክዳን ለመግጠም ሲታገል ጠማማው እጁ እምቢ አለው፤ ልረዳው ስል ጠርሙሱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሰኞ ጠዋት ደጁ እንደምጠብቀውና ሆስፒታል አብረን እንደምንሄድ ነገርኩት። በሩን ከኋላው ዘግቶ ሄደ።

ሰኞ ግን ወጣ። መንገዱን ሁሉ አምስት እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ፤ ልደርስበት ስል ይፈጥናል። ራጅ ተነሳ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ወረፋ ጠበቅን። አጠገባችን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከነባሏ ተቀምጣለች፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ወደ ሐኪሙ ስንገባ ኋላችን ያለው በር ገርበብ ብሎ ቀረ።

ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ብርሃን ላይ ዘረጋና ፊቱ ጠቆረ። መጀመሪያ ያሰረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ለሳኙ መሬት መሬቱን እያየ «ማንም አላየውም። ራሴ ነኝ በጨርቅ ያሰርኩት» አለ።

ሲሰድበኝ፣ ሲያዋርደኝ ልችለው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ይህንን አልቻልኩትም።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አልኩ። «ወጌሻ ነኝ። ያን ቀን የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

ከበሩ ኋላ ልብስ ሰፊዋ ማውራት አቆመች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩ እንደሚሰማ አወቅሁ፤ የሚገርመው ያን ጊዜ ግድ አልሰጠኝም። ሐኪሙ አልተቆጣም። አንዴ አየኝና ወደ ለሳኙ ዞሮ እቅጩን ነገረው። መጋጠሚያው ተበልቷል፣ አሁን ማቃናት አይጠቅምም። ሕመሙን ማስቀረት የሚቻለው በማጣበቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንጓው አይታጠፍም።

«ከሦስት ዓመት በፊትስ ቢሆን?» አለው ለሳኙ።

ሐኪሙ ከመመለሱ በፊት እኔን አየ። «ያኔ ይቃና ነበር» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ለሳኙ የቀጠሮ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ልበል አልበል እያለች ታመነታለች። እሱ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

«አስታማሚ ይዘህ ና ብለዋል። ሚስቴ ሥራ አላት። እርስዎ ነዎት የሚመጡት» አለኝ።

እመጣለሁ አልኩት።

«ከዚያም በኋላ ቤቴ እየመጡ ያሳዩኛል። በዚህ ዓይነት እጅ እንዴት እንደሚኖር ከእርስዎ በቀር የማውቀው ሰው የለም። እስክለምደው ድረስ ይመላለሳሉ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል ልናገር አፌን ከፈትኩ። ይቅርታ ልለው እንደሆነ ገብቶታል፤ ጠማማ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«እሱን አልፈልገውም» አለኝ። «እርስዎ ብቻ ይምጡ።»