የደቡቡ ፊት ብሎኖች

ኢንጂነሯ በሸክላው ሰሌዳ ላይ ስንጥቁን ያየችው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በገመድ በሚወጣው ቅርጫት አራተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ነው። ከፀጉር አይወፍርም። ሌላ ሰው ቢሆን ዐይኑንም አይጥልበትም ነበር፤ እሷ ግን ሰሌዳውን በሐሳቧ አርግዛ የወለደች ናትና አላመለጣትም። ክው ብላ ቀረች።

ሰፈሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ ሁሉም መስታወት በመስታወት ይሁን ባይ ነበር። ኢንጂነሯ ግን "መስታወት ውስጥ ሰው ይቀቀላል" እያለች ከስብሰባ ስብሰባ ስትንከራተት ስድስት ዓመት ፈጀች። የእሷ ሐሳብ በር የሚያካክሉ የሸክላ ሰሌዳዎችን ከግድግዳው ራቅ አድርጎ በአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ መስቀል ነው፤ በመሀሉ ነፋስ ሽው ይላል፣ ቤቱ ያለ ምንም ማሽን ይቀዘቅዛል። ሸክላ በሕንጻ ላይ ሲሰቀል በዕድሜያችን አላየንም ብለው የሳቁባት ብዙ ናቸው። በኋላ ግን ሞክሪ አሏት።

ሐሳቡ አንድ ክፉ አመል አለው። አሉሚኒየም ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ሸክላ ደግሞ ወይ ፍንክች። ስለዚህ የላይኞቹ ብሎኖች ጥብቅ ብለው ሰሌዳውን ይሸከማሉ፤ የታችኞቹ ግን ከጠበቁ በኋላ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ሐዲዱ መላወሻ እንዲያገኝ። ካልተመለሱ ሐዲዱ ሸክላውን ወጥሮ ወጥሮ ይሰነጥቀዋል።

መፍቻዋን አውጥታ የታችኛውን ብሎን ነካችው። ድርቅ። ቀጥሎ ያለውም ድርቅ። ሃያ ሰሌዳ ሞከረች፤ ከሃያው አንድ እንኳ የላላ የለም። ይህ ደግሞ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚገርፈው የደቡቡ ፊት ነው፤ አባቷ ከወጣት ረዳቶቻቸው ጋር የገጠሙት።

አባቷ አርባ ዓመት ብረት ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሠራተኛው "ጋሽ ጠበቅ" ይላቸዋል። ከጡረታ ጎትታ ያመጣቻቸው ራሷ ናት። ታች ወርዳ ስትጠይቃቸው መጀመሪያ አፈሩ፣ እንደ ማፈርም እንደ መኩራትም አድርጓቸው ፈገግ አሉ። ማታ ማታ ሠራተኛው ሲበተን መሰላልና ቅርጫት እየቀያየሩ፣ ረዳቶቻቸው በዚህ ፊት አላልተው የተዉትን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያጠብቁ ከርመዋል። በእሳቸው ሙያ ብሎን የሚላላው መስመር እስኪስተካከል ብቻ ነው፤ መጨረሻው ማጥበቅ ነው። የሩብ ዙሩን ትእዛዝ ሰምተዋል፣ ግን የመስመር ማስተካከያ መስሏቸዋል።

"እንዳያሳጡሽ ብዬ ነው፤ ላላ ያለ ሥራ በስምሽ እንዳይቀር" አሏት።

መቆጣት አማራት፤ አልሆነላትም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለችና። የሌሎቹን ሦስት ፊቶች ብሎኖች በገዛ እጇ እየዞረች ፈትሻለች። የደቡቡን ግን ሳትነካ ፈረመች። አባቷን ተከትላ መፍቻ ይዛ መፈተሽ ነውር መስሎ ታያት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በዚህ መሀል ዕቃ የጫኑ መኪኖች ከበሩ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰልፈዋል። ሁለት መቶ አባወራ ቤቱ ፈርሶበት ሦስት ዓመት በቆርቆሮ መጠለያ ጠብቋል፤ መጠለያውም ዛሬ ጎሕ ሲቀድ በዶዘር ተደረመሰ። የሕንጻው መግቢያ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በደቡቡ ፊት ሥር።

የግንባታው ሥራ አስኪያጅ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ለአንዲት ስንጥቅ ይህን ሁሉ ሰው አንመልስም፣ መረብ እንዘርጋና ይግቡ፣ ቀስ ብለን እናስተካክላለን አለ። አንዱ ሰሌዳ ስድሳ ኪሎ ነው፣ መረቡን ቀዶት ያልፋል ብላ መለሰችለት።

"እሺ የት ይደሩ? አስፋልት ላይ?" አላት። "እንግዲያው አንቺው ንገሪያቸው። አባትሽም ለምርመራ ይቅረቡ።"

ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። አለቀሰች። ዝም ብልስ? ብላ አሰበች፤ ይህን ማሰቧን ማንም አላወቀባትም፣ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ምናልባት አንድም ላይወድቅ ይችላል። ምናልባት የሚወድቀው ማንም በሌለበት ይሆናል። ይህን ስታሰላ ቆይታ ራሷን ጠላች። የሚያጽናና ነገር ፈለገች፤ አልነበረም።

አባቷ አንኳኩተው ገቡ።

"እኔን ብቻ ጻፊኝ" አሉ። "የገጣሚው ስህተት በይ። እኔ ከእንግዲህ ምን ሥራ እፈልጋለሁ።"

"ፊርማው የኔ ነው፣ አባባ። ሳልፈትሽ ነው የፈረምኩት።"

"ለምን?"

"እርስዎ ስለሠሩት።"

ቢሰደቡ ይሻላቸው ነበር። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ወጥታ በሩ ላይ ቆመችና አሁን መግባት እንደማይቻል ለሕዝቡ ነገረችው፤ አላለዘበችም፣ ስህተቱንም የኔ ነው አለች። በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቋት። ሦስት ወር አለቻቸው።

"የነበርንበት እኮ ጠዋት ፈረሰ" አሉ፣ እሷ የማታውቀው ይመስል።

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ከግድግዳው ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው ጠየቁ፤ በእጇ አሳየቻቸው። ፍራሻቸውን ጎትተው እዚያ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘረጉት። ሌሎችም ዕቃቸውን ማውረድ ጀመሩ።

ስትዞር አባቷ የደኅንነት ቀበቶ ታጥቀው ቅርጫቱ ውስጥ ቆመዋል። ተው የሚላቸው ጠፋ። አብራቸው ወጣች። የታች ብሎናቸው መላላት ያለበት ሰሌዳዎች አንድ ሺህ ስምንት መቶ ናቸው። አባቷ የመጀመሪያውን የታች ብሎን ወደ ኋላ መለሱና ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው መፍቻውን ዘረጉላት።

"ፈትሺኝ" አሉ።

ሠራተኛው ሁሉ ከታች አንጋጦ ያያል። መፍቻውን ብሎኑ ላይ አስገባች። የአባቷ ጉልበት እንደ ድሮው አልነበረም፤ ብሎኑ የተመለሰው ከሚፈለገው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ያለፈውን ስህተት እንድትደግም ልቧ ለመናት።

"አልበቃም፣ አባባ" አለቻቸው። "እንደገና።"

ጎንበስ ብለው እንደገና ፈቱት።