ወደ እብናት የምትወርደው ጂፕ

«ፍሬኑ አይዝም፤ መሪውም ሩብ ዙር ካልዞረ ጎማው ንቅንቅ አይልም።»

ሀናን ይህን የተናገረችው ከአሮጌዋ ጂፕ ስር ተጋድማ ነው። ከግቢው ድንኳን ቁርአን ሲቀራ ይሰማል። አባቷ ዑመር የተቀበረው ትናንት ነው። መኪናዋ አልገደለችውም፤ በተኛበት ነው ያለፈው።

«የሐዘንተኛ ልጅ ግራሶ ተለቅልቃ!» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ያንሾካሾከች መስሏት።

«ተያት» አለች እናቷ ረሂማ። «የሚያለቅስ ሞልቷል። መኪና የሚያበጅ ነው የጠፋው።»

እብናት ያሉት አያቷ እማማ ዘሀራ የልጃቸውን ሞት አልሰሙም። ለእናት መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ ደግሞ የእብናት ገበያ ነው፤ ከዚህ ከደብረ ታቦር ቀድሞ የወረደ እህል ነጋዴ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» ሊላቸው ነው።

«በሚኒባስ እንሂድ» አለ ሱልጣን፣ የዑመር ታናሽ ወንድም።

«ይዘናቸው ስንመለስስ ጋሼ? አያቴ በሰውና በዶሮ መሀል ተጣበው ያልቅሱ?»



ሀናን ጎማውን አወለቀች። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ኖሯል። የመኪና ጥገና ተማሪ ሳለች «አሠራት እንጂ፣ ትገድልሃለች» ብትለው አባቷ ስቆ ነበር። «ተላምደናል እኮ! እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም።» ያን ጊዜ የሰነፍ መልስ መስሏት ተናደደች። ግን በዚህችው ጂፕ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ከገደል አፋፍ ሐኪም ቤት አድርሷል፤ በክረምት ጭቃ ሙሽራ አጅቧል፤ አንድ ሰው አልጣለም። በምን ያዛት? የተማረችው ሁሉ ይህ አይሆንም ይላታል። ሆኗል። ከተበላው ብረት ላይ እጇን ማንሳት አቃታት።

«ሱብሃነላህ» አለች፣ ሳታስበው።

ከመለዋወጫ ሱቅ በመጣላት ሸራ ፍሬኑን አደሰች፤ የላላውን የመሪ መጋጠሚያ ቀይራ አጠበቀች።

ሱልጣን ሊሞክራት ወጣ። ከዑመር ሌላ ነድቷት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እንደለመደው መሪውን ሩብ ዙር ሳብ ቢያደርገው ጂፗ ዘልላ የድንኳኑን ገመድ በጠሰች፤ ደንግጦ በሙሉ ጉልበቱ ፍሬን ሲረግጥ ግንባሩ ከመስታወቱ ተላተመ።

«ምን አድርገሻታል? መኪና አይደለችም እኮ አሁን!»

«አሁን ነው መኪና የሆነችው። ይውረዱ፣ ጋሼ።»

መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው ባሕር ዳር ነው፤ የዚህችን መሪ ግን ጨብጣው አታውቅም። እጇ የሚረሳው ልማድ አልነበረውም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሱልጣን ጎኗ ተቀምጦ መርዶውን በልቡ ያጠናል። እሷ በየጠመዝማዛው ገደሉን እያየች ትንፋሿን ትውጣለች፤ አባቷ እዚህ ምን ያደርግ ነበር?

እማማ ዘሀራ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ደጅ ወጥተዋል። ትልቅ ድንጋይ ታቅፈዋል። ጂፗ ከተዳፋቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ድንጋዩን ከጎማው ስር ሊያስገቡ አጎንብሰው ተገቱ።

«ዑመር ‹እማዬ፣ ድንጋይ!› እያለ ነው የሚመጣው» አሉ። ጎማውን አዩ። «ማን አበጃት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እሱ እያለ?»

ሱልጣን ያጠናው ሁሉ ጠፋው። ሀናን መሪውን አልለቀቀችም።

አሮጊቷ ድንጋዩን ቀስ ብለው መሬት አኖሩ። ገቡ። ጥቁር ሻሻቸውን አስረው ወጡና የቤታቸውን በር ዘጉ።