የጃክ ሄስሎፕ ባሮ ሽንኩርት

የከሰል ማዕድኑ ሐኪም ከአባቱ ጋር ሲነጋገር፣ ኖርማን ሄስሎፕ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሞ ሰምቷል። ያኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቱ ነበር። ስልሳ ዓመት አልፎበት ከንግግሩ የቀረለት ቁርጥራጩ ብቻ ነው።

«ጃክ፣ የከሰሉ አቧራ ሳንባህን ሞልቶታል» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ መሬት ያዝና አትክልት ኮትኩት። ለደረትህም ለመንፈስህም ይበጅሃል።»

አባቱ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና በሳሉ መሃል አንድ ነገር ተናገረ። ኖርማን ያን አልያዘውም። ሳቁን ግን ያዘው፤ ዕድሜ ልኩንም ጤና፣ ጤና የሚል ሰው ባጋጠመው ቁጥር እንደዚያው ሲስቅ ኖረ።

ስለዚህ በጥር ወር፣ ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ከወጣ ስድስት ሳምንት ሲሆነው፣ ከጤና ጣቢያው የመጣውን ወረቀት አይቶ ያንኑ ሳቅ ሳቀ። «የአትክልት ሥራ ለልብና ለአእምሮ ጤና፤ ዘወትር ማክሰኞ ጠዋት» ይላል ወረቀቱ።

«ለእኔ ነው?» አለ ለታላቅ እህቱ ለኦድሪ፤ እስኪያገግም እሷ ቤት ነው ያረፈው። «አርባ ዓመት ባሮ ሽንኩርት ላበቀለ ሰው አትክልት አዘዙልኝ? ለዓሣም ዋና ይዘዙለት።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች ኦድሪ ሹራቧን እየሠራች። «ልብህን ያሳመመህ ከባሮው ሌላ ማን ሆነና።»

እውነቷን ነው። በዚያ መንደር ባሮ የሚበቅለው ለድስት አይደለም። በመስከረም ለውድድር በመንደሩ ክለብ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ይደረደራል፤ ዳኞቹ ውፍረቱንና ቁመቱን ይለኩታል፤ የሕፃን ጭን የሚያህለው ዋንጫ ይወስዳል። ኖርማን ለዚህ ሲል ወገቡን ሰብሯል፤ ደም ግፊት አትርፏል፤ የኦድሪ ልጅ ስትዳር ከሠርጉ ቀርቶ መደቡን ሲጠብቅ ውሏል። አንድ ማለዳ ባሮዎቹን በቢላ ተተልትለው ካገኛቸው ወዲህ፣ ከጎኑ የሚያርሰውን ቴድ ቱሊፕን በጥርጣሬ ብቻ ዐሥራ አንድ ዓመት አኩርፎታል። እሑድ ጸሎት ቤት ጎንበስ ብሎ የሚለምነውም አብዛኛውን ጊዜ በረዶ በቱሊፕ መደብ ላይ እንዲወርድ ነበር። እግዚአብሔር ታጋሽ ነው፤ ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉንም አያደርግም።

ኖርማንን አሁን የጨነቀው ግን ልቡ አልነበረም። ባሮው ከአባቱ የወረሰው ዘር ነው። አበባ ከያዘው ራስ ላይ ሣር የመሰለ ቡቃያ ይወጣል፤ እሱ በኅዳር ተለቅሞ በማሰሮ ይተከላል። አንድ ዓመት ከተቋረጠ ዘሩ አለቀ ማለት ነው። የመንደሩ ባሮ አብቃይ ደግሞ ቡቃያውን ለገዛ ወንድሙም አይሰጥም። ኖርማን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እርሻው ላይ ያለው የመስታወት ችግኝ ቤት ማሞቂያ ጠፍቶ ከሰማንያው ቡቃያ ዐሥራ አራቱ ብቻ ተረፉ። ወደ እርሻው ዳገት መውጣት ስለተከለከለ፣ ኦድሪ እነሱን አምጥታ ጓዳዋ መስኮት ላይ ደረደረቻቸው። መስኮቱ ፊት ለፊት የጎረቤት ግድግዳ አለ፤ ፀሐይ የሚባል አያውቅም። በሳምንቱ ዐሥራ አንድ ቀሩ።

«ቱሊፕ በሩ ላይ መጥቶ ነበር» አለች ኦድሪ። «የኔ ቤት ይሞቃል፣ ላስቀምጥለት ብሏል።»

«ከሚያስቀምጥልኝስ ቆራርጠሽ ሾርባ ብትሠሪያቸው ይሻላል።»

ማክሰኞ የሄደው ኦድሪ ነዝንዛው ነው። ከእርሻው ዳገት በታች ባለ የእንጨት ቤት ዘጠኝ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው ፌጦ የበቀለበት የፕላስቲክ ኩባያ አለ። ብራዮኒ የምትባለው የጤና ጣቢያዋ ልጅ፣ «ዓይናችንን እንጨፍንና የአፈሩን ሽታ ቀስ ብለን እንሳብ» አለች።

«የአሳማ ፋንድያ አለበት» አለ ኖርማን። «በደንብ ሳቡ።»

ጡረታ የወጣችው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሞይራ፣ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «አንተ አርባ ዓመት ስትስበው ኖረህ የለ? ታዲያ ምን ሆነህ እኛ ጋ መጣህ?»

ዘጠኙም ሳቁ። ኖርማን ደሙ ፈላ። ፌጦ! ሕፃናት በእርጥብ ጥጥ ላይ የሚያበቅሉትን ነገር ይዘው ነፍሳችን ዐረፈች የሚሉ ሰዎች። ከጎኑ ዱጊ የሚባል ሰው ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቃልም አይወጣውም። ዱጊ አንዷን ፌጦ ወደ ሌላ ኩባያ ሊያዛውር፣ ግንዷ እንዳይጎዳ ሳይነካው በቅጠሏ አነሣት። ባሮ አብቃይ እንኳ ይህን ለመልመድ ዓመት ይፈጅበታል። ቡቃያዋን ይዞ ሳለ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ኖርማን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«ቀልደኞች ናቸው» አለ እቤት ገብቶ። «አባባ ቢያያቸው በሳቅ ይሞት ነበር። ለሐኪሙ የሳቀውን ታስታውሻለሽ?»

«በደንብ አድርጌ። ከሳቀ በኋላ ግን ‹ሚስቴ እንዳትሰማ፣ መሬቱን የት ነው የሚያስመዘግቡት?› ነው ያለው። በማግስቱ ሄደ። ሐኪሙ ሁለት ዓመት ነበር የሰጠው፤ ዐሥራ ስድስት ኖረ።»

ኖርማን ዞሮ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ማሰሮዎች አየ።

«ቡቃያውንስ ማን የሰጠው ይመስልሃል?» አለች። «ባሮ አብቃዩ ሽማግሌ ፌዘርስተን ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ለሚስል ሰው ሲሰጡት እንደ መስጠት አይቆጠርም ብለው ነው። እሳቸው ባይሰጡት ያንተ የምትለው ባሮ ከየት ይመጣ ነበር?»

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ ሳቁን ብቻ ነው የያዝኸው።»

በሳምንቱ አንድ ቡቃያ ሞተ። ማክሰኞ ኖርማን የቀሩትን ዐሥር በጫማ ካርቶን ይዞ ገባና ሳይቀመጥ ጠየቀ፤ «ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ያለው ማነው?»

ዘጠኝ እጅ ተነሣ፤ የብራዮኒ ዐሥረኛ ሆነ።

«አንድ አንድ ትወስዳላችሁ። በአንድ ቤት ከሆኑ አንዲት ድመት ትጨርሳቸዋለች። ውሃ በማንኪያ ነው። ለጤና ብላችሁ እንዳታቅፏቸው፣ እንዳታናግሯቸው። ስማቸው ሄስሎፕ ነው፤ በተለይ ለቱሊፕ እንዳታሳዩ።»

«ከሞቱብንስ?» አለች ሞይራ።

«ከሞቱባችሁ አባቴ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ዱጊ መጀመሪያ እጁን ዘረጋ። ካርቶኑን ትኩር ብሎ አየና ከሁሉ የቀጠነውን መረጠ፤ በቅጠሉ አነሣው። «ይሄኛው ብሶበታል» አለ። ኖርማን ድምፁን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ብራዮኒ ግን የራሷን አልነካችም። «ሚስተር ሄስሎፕ፣ እንወስዳለን። ነገር ግን እርስዎም በየማክሰኞው እየመጡ ያዩልናል። ሲመጡ ደግሞ እንደ ሁላችን ነው፤ ተቀምጠው፣ ዓይንዎን ጨፍነው።»

«ይህ ማስፈራራት ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አዎ፣ ነው።»

ኖርማን ባዶዋን ወንበር አያት፤ በየሰዉ እጅ የተያዙትን ዘጠኙን፣ ካርቶኑ ውስጥ የቀረችውንም አንዷን አያት። በሕይወቱ እንዲህ የናቀው ወንበር አልነበረም።

«እስከ መስከረም ብቻ» አለና ተቀመጠ። «ዓይኔንም እጨፍናለሁ። ሽታውን ግን እንደፈለግሁ ነው የምስበው።»