ሽታ የለም

ባልየው ልጅ ሳለ እናቱ ልብሱን ከማጠባቸው በፊት ኪሱን ያራግፉ ነበር፤ ድንጋይ የማይወጣበት ቀን የለም። «ድንጋዬ» አሉት፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሚስትየው የበያጅ ልጅ ናት። አባቷ «አትዪ፣ ዓይንሽ ይጠፋል!» እያሉ ሲቆጧት፣ የሚቀልጠውን ብረት በጣቶቿ መሃል ሰርቃ እያየች አደገች። ሁለቱም እሳተ ገሞራ አጠኑ፤ ትምህርት ቤት ተገናኝተው ተጋቡ። ከአንድ የእሳተ ገሞራ ተራራ ግርጌ ያለች አንዲት ክፍል ቢሮም መኖሪያም ሆና ተሰጠቻቸው።

ገና በዓመታቸው ደክመው ነበር። እሱ በሳምንት ሦስት ቀን አራት ሰዓት ዳገት ወጥቶ አፋፉ ላይ ሙቀት ይለካል፣ የሚወጣውን ጋዝ ያሸታል፣ ይመዘግባል። እሷ የመሬቱን ንዝረት የሚጽፈውን መርፌ ትጠብቃለች። ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ካልሲ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወርዶ ታጠበና ፊቱን በፎጣ አደረቀ። ፎጣው ጠዋት የፈሰሰ ላምባ የጠረገችበት ነው፤ «ተው!» ሳትለው ቀደማት።

«አንተ፣ ፎጣው ምን ምን ይላል?»

«ሳሙና። ምን ሊል ኖሯል?»

ልትስቅ ነበር፣ አልሳቀችም። ተነሥታ ጃኬቱን አሸተተችው። ትናንት ነው ያጠበችው፤ ዛሬ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መዝገቡን ገለጠች። «ሽታ» ከሚለው ሥር አሥር ሳምንት ሙሉ፦ የለም፣ የለም፣ የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጫማውን መፍታት ጀምሮ ተወው። «ጉንፋን መስሎኝ ነበር... ለአለቃችን ብነግራቸው ከተራራው ያወርዱኛል። ከልጅነቴ የተመኘሁት እሱን ብቻ ነው።»

«ታች ያሉት ሰዎች'ኮ ያንተን አፍንጫ አምነው ነው የሚተኙት።»

«አውቃለሁ በቃ! አትጨቅጭቂኝ።»

«እጨቀጭቅሃለሁ! እኔ ካልጨቀጨቅሁህ ማን አለህ?»

አለቃቸው መዝገቡን ሊያዩ በማግስቱ ይመጣሉ። ባልየው መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ማስመሪያ አነሣና ሠላሳውን «የለም» አንድ በአንድ ሰርዞ፣ ከላዩ «አልታወቀም» ብሎ ፈረመ። እሷ ቀኖቹን ታነብለታለች። ሃያኛው ላይ እጁ ዛለ፤ ጣቶቹን አሸችለት፣ ቀጠለ።

«ሠላሳ ጊዜ?» አሉ አለቃው በማግስቱ። «ምነው ልጄ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብትነግረኝ?» ጠረጴዛው ለሱ፣ ተራራው ለሷ ሆነ።

የዚያኑ ዕለት በሱ ጫማ፣ በሦስት ካልሲ ወጣች። ስትመለስ እንደ ተጫማች አልጋው ላይ ተዘረረች። እሱ ጫማውን ጎትቶ አወለቀላት።

«ምን ምን ይላል?»

«እንቁላል። አፋፉ አላስጠጋ አለኝ፤ ዓይኔን ለበለበኝ።»

መዝገቡ ላይ «ኃይለኛ» ብሎ ጻፈ፣ ለአለቃውም ደወለ። «ታች ላሉት አሁኑኑ እነግራለሁ» አሉት።

ከዚያ ጃኬቷን ሊያጥብ አነሣና ኪሱን አራገፈ። አቧራ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ አንዲት ድንጋይ እንድታመጣለት ሊነግራት ዞር ሲል፣ እንቅልፍ ወስዷታል።